ቡሬ ባሕር የተሻገረችበት ዓመት

እናቴ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ መብሩካ ናት፤ ቡራዩ፣ የአምቦው መንገድ ዳር፣ ባሏ ጋሼ ከሊፋ ሱቅ በነበራቸው ቤት። የምነግራችሁ እሷ ከባሏ ጋር ወደ የመን ለመሄድ ስለተነሳችበት ዓመት ነው። መንገዱን አብሬ አልሄድኩም፤ ላጋር ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝቼ ተመልሻለሁ። የቀረውን አክስቴ ራሷ ነግራኛለች። አንዴ ብቻ አይደለም፤ በነገረችኝ ቁጥር ግን ምንም አትጨምርም፣ ምንም አትቀንስም ነበር።

ጋሼ ከሊፋ የመናዊ ነበሩ። ቡራዩ የገቡት በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ በአንድ አህያ ጨውና አቡጀዲ ጭነው። አማርኛቸው እስከ መጨረሻው ተሰባብሮ ቀረ። ኦሮምኛቸው ግን እዚያው የተወለዱ ያህል ነበር፤ ከገፈርሳ ማዶ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ከሳቸው ጋር ሲያወራ ዐረብ መሆናቸውን ይረሳው ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ላምባ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ክብሪት አይጠፋም። ሰው ደግሞ ዕቃ ባይገዛም ጎራ ብሎ ይጨዋወታል።

አክስቴን ሲጠይቁ ምንም አልደበቁም። «አገሬ ሚስት አለችኝ» አሏት። «ተቂያ ትባላለች። ስወጣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አሁን ወንድ ወልዳለች ብለው ጽፈውልኛል። ይህን ሳታውቂ ቤቴ እንዳትገቢ።» አክስቴ አውቃ ገባች። ልጅ ግን አልወለደችም። ለየመኖቹ በየጊዜው የሚላከውን እሷ ራሷ ታዘጋጅ ነበር፤ ለልጁ ልብስ ስትመርጥ «አሁን እዚህ ደርሷል» እያለች በመዳፏ ቁመቱን ከመሬት ትለካለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ስለማላውቀው ልጅ ቁመት አስብ ነበር።

ድመቷ የመጣችው በሃምሳ ስድስት ነው። አንዲት የዱር ድመት የስኳር ጆንያዎቹ መሃል ወለደች፤ እናትየዋን ግን ውሻ ገደላት። ከግልገሎቹ የተረፈችው አንዷ ብቻ ነበረች። አክስቴ ጨርቅ ወተት ውስጥ እየነከረች አጠባቻት። ጎረቤታችን ኦቦ ኢቲቻ ቡሬ የሚባል በሬ ነበራቸው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር። ድመቷ ቁርጥ እሱን ስለመሰለች ስሙን ወሰደች። ኦቦ ኢቲቻ «በሬዬን አዋረዳችሁብኝ» ብለው ይቆጡ ነበር፣ እየሳቁ። ቡሬ ቀን ቀን የሱቁ ባንኮኒ ላይ ትተኛለች፤ ጋሼ ከሊፋም «ይቺን ከዚህ አንሱልኝ» እያሉ ዕቃውን በሷ ዙሪያ ይመዝናሉ እንጂ አንድም ቀን አንስተዋት አያውቁም።

በስድሳ ሦስት መስከረም ላይ ደብዳቤ መጣ። እኔ ያኔ ሀሰኖን አግብቼ ሱሉልታ ነበርኩ፤ እሱ ድርቆሽና ወተት ይነግዳል። አክስቴ ላከችብኝና ሄድኩ። ደብዳቤው የጋሼ ከሊፋ እናት ያስጻፉት ነበር። የመን ውስጥ ለዓመታት የቆየው ጦርነት አብቅቷል፣ መንገዱ ተከፍቷል። ወንድማቸው ሞቷል። የእናትየው ዐይን ጠፍቷል። «መልክህን ማየት ቀርቶብኛል፤ ድምፅህን ግን ሳልሰማ አፈር አልልበስ» ይላል መጨረሻው።

ጋሼ ከሊፋ ሦስት ቀን ሱቁን ከፍተው ተቀመጡ እንጂ ምንም አልሸጡም። በአራተኛው ቀን አክስቴን ጠሯት።

«እሄዳለሁ» አሏት። «አንቺን ትቼ መሄድ አልፈልግም፣ ነይ ብዬ ማስገደድም አልፈልግም። የምትዪኝን እሰማለሁ።»

«ተቂያ ምን አለች?» አለች አክስቴ።

«ደብዳቤው የእናቴ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ተቂያስ?»

ጋሼ ከሊፋ ሚዛኑን መወልወል ጀመሩ። አክስቴም ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም። በኋላ ስትነግረኝ «ያን ቀን ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ» ትል ነበር። «መልሱን ፈርቼ ነው የተውኩት።»

እንደምትሄድ የነገረቻቸው በሳምንቱ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀደመች፦ «ቡሬን ይዤ ነው የምሄደው።»

«እዚያ ድመት የለም ብለሽ ነው?»

«ድመት አለ። ቡሬ ግን የለችም።»

«ድመት ከቤቷ ካወጧት ትጠፋለች እኮ፣ መብሩካ።»

«እኔስ? እኔ ከቤቴ ስወጣ አልጠፋም?»

ከዚያ ወዲያ ስለ ድመቷ ክርክር አልነበረም።

ወረቀት ማስጨረሱ ግን መከራ ሆነ። አክስቴ ፓስፖርት ለማውጣት አምስት ወር ተመላለሰች። መጀመሪያ ከቃዲው የኒካውን፣ የጋብቻውን ወረቀት አምጪ ተባለች። አመጣች። ምስክር አምጪ አሏት፤ ኦቦ ኢቲቻ ካባቸውን ደርበው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው መሰከሩላት። ፎቶግራፉ ላይ ሻሽሽ ግንባርሽን ሸፍኗል ተብላ እንደገና ተነሳች። ጸሐፊው የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል፣ ነገ ነይ፣ ሰኞ ነይ። ለቡሬ ግን አንድ ቀን በቃ። የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ይዘናት የሄድነው እኔና እሷ ነን። ሐኪሙ የድመቷን አፍና ጆሮ አየ፣ መርፌ ወጋት፣ ወደ ጸሐፊው መራን። ቅጹ ለከብት የተዘጋጀ ነበር።

«ስም?» አለ ጸሐፊው።

«ቡሬ።»

«ስሟን ነው የጠየቅኩት እንጂ ቀለሟን አይደለም።»

«ስሟ ነው።»

«እሺ፣ ቀለም?»

አክስቴ እኔን አየችኝ። «እሱም ቡሬ ነው» አለች።

ጸሐፊው ጻፈ። ቀንድ ከሚለው ፊት «የላትም»፣ ሰኮና ከሚለው ፊት «አልታየም» ብሎ ሞላና ማኅተሙን አሳረፈበት። ውጭ ስንወጣ ከሳቅ ብዛት ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ከዚያ አክስቴ ሳቋን አቁማ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እሷ ተፈቀደላት» አለች። «እኔ ገና ነኝ።»

የሷም በመጨረሻ ተፈቀደ። ሱቁንና ቤቱን ከድሩ የሚባል የሰፈሩ ነጋዴ ገዛ። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ኦቦ ኢቲቻ ጆንያ ይዘው መጡ።

«ድመቷን በዚህ ክተቻት» አሏት። «መንገዱን ካየች ትመለሳለች።»

«ኦቦ ኢቲቻ፣ ባሕር አቋርጣ ትመለሳለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ባሕሩን አይቼው አላውቅም።» ከዚያ ሽማግሌው እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ጋሼ ከሊፋም ከጎናቸው ተቀመጡ። ሁለቱ በኦሮምኛ ብዙ አወሩ፤ የድሮውን ረሃብ፣ የሞቱ ሰዎችን፣ ጋሼ ከሊፋ መጀመሪያ ሲመጡ ያደሩበትን የኦቦ ኢቲቻን ጎተራ። እኔ ጓዙን እየሸከፍኩ ነበርና ሁሉንም አልሰማሁትም።

አክስቴ ጆንያውን አልተጠቀመችም። ክዳን ያለው የቀርከሃ ቅርጫት ገዛች፣ ውስጡን በአሮጌ ጋቢዋ ደለደለች። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ላጋር ሸኘኋቸው። ጋሼ ከሊፋ ሻንጣቸውን ለተሸካሚ ሰጥተው ቅርጫቱን ራሳቸው አንጠልጥለው ባቡሩ ላይ ወጡ። አክስቴ በመስኮት እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጥቂት እርምጃ አብሬ ሄድኩ፣ ከዚያ ጣቶቻችን ተላቀቁ።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፈታሹ የቡሬን ወረቀት አንብቦ ከባቡሩ ወርዶ ከብት የተጫነበትን ፉርጎ ሲፈልግ ቆየ። «ላሚቷ የት አለች?» አላቸው ተመልሶ። ጋሼ ከሊፋ ቅርጫቱን ከፍተው አሳዩት። ጉዞው ሁሉ እንዲህ ሳቅ ያለበት አልነበረም። ቆላው ከጀመረ አንስቶ ቡሬ ምግብ አልነካ አለች። ጅቡቲ ሲደርሱ አየሩ እንደ እሳት ነው። ወደ የመኑ ወደብ ሞካ የሚሻገረው ጀልባ ገና አልመጣም ተባሉና ወደቡ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ጠበቁ። ሁለት ቀን፣ አራት ቀን፣ ሰባት ቀን።

በአምስተኛው ቀን ቡሬ ጎኗን ለጥፋ ተኛች። አፏ ተከፍቶ እንደ ውሻ ታለከልካለች፣ ጆሮዋ ያቃጥላል። አክስቴ ልትሞትብኝ ነው ብላ ፈርታ ወደ ውጭ ወጣች፤ ማየት አልቻለችም። ጥቂት ቆይታ ስትመለስ ጋሼ ከሊፋ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሽርጣቸውን ውሃ ነክረው ድመቷን ጠቅልለዋታል፤ በጣታቸው ጫፍ ውሃ እያነሱ ከንፈሯን ያርሳሉ። «ኦብሲ፣ ቡሬ ኮ፣ ኦብሲ» ይሏታል፤ ታገሺ፣ ቡሬዬ፣ ታገሺ።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። ከውጭ የሚሰማው ሁሉ ዐረብኛ ነበር፤ ሻጩ፣ ተሸካሚው፣ መስጊዱ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ የገዛ ቋንቋቸው በዙሪያቸው ሞልቶ ሲፈስ፣ እሳቸው በጭንቃቸው ሰዓት ድመቲቱን የሚያባብሉት በቡራዩ ኦሮምኛ ነበር። «ያን ጊዜ አንድ ነገር አስደነገጠኝ» ትለኛለች አክስቴ። «ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው አብሬ የምሸኝ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም እንደኔ ከአገሩ የሚወጣ ሰው ነው።»

ቡሬ ተረፈች። ማታ ማታ ሲበርድ ትንሽ ዓሣ መቅመስ ጀመረች።

በዘጠነኛው ቀን ጀልባው ገባ። ከጀልባው ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢሙን ገና ያበቀለ ወጣት ወረደና የከሊፋን ስም እየጠራ ክፍላቸውን አፈላልጎ አገኘ። ሙቅቢል ነበር፣ ልጃቸው። አባትና ልጅ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ልጁ የአባቱን እጅ ሳመ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እጁን አጣምሮ ቆመ። ጋሼ ከሊፋ ደግሞ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩት ጀመር። አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ የልጁን ቁመት ታይ ነበር። በመዳፏ ስትገምት ከነበረው ይበልጣል።

ሙቅቢል ለሷም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። «ኻላ» አላት፤ አክስት ማለቱ ነው። ጨዋ ልጅ ነበር። ግን ዐይኗን አያይም። አክስቴ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ዐረብኛ ለምዳለች፤ አስተካክላ ባትናገርም ሁሉንም ትሰማለች። በማግስቱ ጋሼ ከሊፋ ለጁምዓ ሶላት ሲቀድሙ ልጁን አስቀረችው።

«እናትህ ምን ብላ ላከችህ?»

«ደኅና ግቡ ብላለች፣ ኻላ።»

«ሙቅቢል፣ እኔ አንተን ባልወልድህም ልብስህን በየዓመቱ የምገዛልህ እኔ ነበርኩ። እውነቱን ንገረኝ።»

ልጁ ላብ አጠመቀው። ግንባሩን በእጅጌው ጠርጎ እንዲህ አላት፦ «እናቴ ‘አባትህ ይግባ፣ ቤቱ ነው፤ አብራው የምትመጣዋም ሴት ትግባ፣ እንግዳ አላባርርም’ አለች። ‘እኔ ግን እነሱ በገቡበት ዕለት ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ። ሃያ ሦስት ዓመት ብቻዬን የጠበቅኩትን ቤት ለሁለት አልካፈለውም’ አለች።»

«አያትህንስ ማን ይይዛቸዋል?»

«እስከ ዛሬ የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው እናቴ ናት። ሌላ ሰው ሲነካቸው ይጮኻሉ።»

አክስቴ አመስግናው ሸኘችው። ልጁ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተንፍሶ ሄደ። ለባሏ ምንም አልተናገረችም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዋን አሰበች። ተቂያን መጥላት ሞከረች። አልሆነላትም። ፊቷን አይታው የማታውቀው ሴት እንዴት አድርጋ እንደኖረች ግን አንድ በአንድ ይታያት ጀመር፤ ሙሽራ ሆና፣ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ባሏ ነገ እመጣለሁ ብሎ ወጥቶ። እኔ ባሌን ሃያ ሁለት ዓመት አየሁት፣ እሷ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላችም፣ አለች ለራሷ።

ጀልባው በማግስቱ ሊነሳ ሲል፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ ባሏን ወደ ወደቡ ግንብ ወሰደቻቸው። እዚያ ነፋስ አለ። ቅርጫቱን መሃላቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። ባሏን ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትል ኖራለች፤ ያን ዕለት ግን አንተ አለቻቸው። ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

«ከሊፋ፣ አንተ ሂድ። እኔ እመለሳለሁ።»

ሙቀቱ የጎዳት መሰላቸው። ከዚያ ልጁ ምን እንዳላት ስትነግራቸው ተነስተው ቆሙ። «እንግዲያው ሁለታችንም እንመለሳለን!»

«እናትህ ድምፅህን እየጠበቁ?»

ጋሼ ከሊፋ ወደ ጀልባው ዞር አሉ።

«ልጅህ እንደገና ብቻውን ወደዚያ ጀልባ እንዲገባ ነው? ተቀመጥ፣ ከሊፋ። ሰው እያየን ነው።»

ተቀመጡ። «አልፈታሽም» አሉ። «ቡራዩ ሄደሽ ብታገቢ እንኳ ከኔ አፍ ያ ቃል አይወጣም።»

«ፍታኝ አላልኩህም።»

«ምን አድርጌሽ ነው? ምን በድዬሽ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እኔን አልበደልከኝም» አለች አክስቴ። «የበደልከው እሷን ነው። እኔም አብሬ በድያታለሁ፤ እያወቅኩ ነው ያገባሁህ። አሁን ቤቷን ልቀማት አልሄድም።»

ጋሼ ከሊፋ የጥምጣማቸውን ጫፍ ወስደው ፊታቸውን ሸፈኑ። አክስቴ እንዲያለቅሱ ተወቻቸው። ሲረጋጉ ቅርጫቱን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው።

«ቡሬን ውሰዳት።»

«አንቺ በጨርቅ ያጠባሻትን? አላደርገውም። ለእኔ ምን ትሆነኛለች ብለሽ ነው? ወስደሽ ኑሪባት፣ ብቻሽን አትሁኚ።»

«እኔ ብቻዬን አይደለሁም። የምመለሰው አገሬ ነው። የእህቴ ልጅ ሃዋ አለች፣ ኦቦ ኢቲቻ አሉ፣ የማውቀው መንደር አለ። አንተ እዚያ ማን ያውቅሃል? ልጅህ አያውቅህም፤ ሚስትህ የምታውቅህ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለህ ነው። እናትህ አያዩህም። በዚያ ቤት ቡራዩ እንዴት እንደኖርክ የምታውቅ አንዲት ነፍስ ትኑር።»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ጋሼ ከሊፋ ቅርጫቱን ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የድመቷ ባለቤት ወይዘሮ መብሩካ ይላል፤ የሚያነበው ሰው ግን አልተገኘም። ጠዋት ጀልባው ሲነሳ ሙቅቢል የአባቱን ክንድ ይዞ አስወጣቸው። ጋሼ ከሊፋ ቅርጫቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመው ወደ መሬት አዩ። እጃቸውን ማውለብለብ አልቻሉም፤ ሁለቱም ተይዘዋል። አክስቴ ሸራው እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች።

ሰኔ ገብቶ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ አንድ ከሰዓት ሱሉልታ የቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍት አክስቴ ጭቃ ውስጥ ቆማለች። መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው፤ ቅርጫት የለም። «ቡሬ ሞተች?» አልኳት። ሌላውን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። «አልሞተችም» አለችኝ። «ማንም አልሞተም። አስገቢኝ፣ በርዶኛል።»

እኛ ዘንድ ሦስት ወር ተቀመጠች። ሀሰኖ አንድም ጥያቄ አልጠየቃትም፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ቡራዩ ግን ወሬው ሌላ ነበር። ዐረቡ ጅቡቲ ላይ ጥሏት ሄደ፣ ድመቷን እንኳ ቀማት ይባላል። እኔ ተናድጄ ላስተባብል ስል ትከለክለኝ ነበር። «እሱን እዚህ ስለማይሰማው ምንም ይበሉት። የተቂያን ስም ግን ማንም እንዳያነሳ» ትላለች።

ወሬውን ያላመኑት ኦቦ ኢቲቻ ብቻ ናቸው። መስከረም ሲጠባ በበቅሎ ተነስተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሱሉልታ ድረስ መጡ። አክስቴ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲሰሙ ቆይተው «የኔ ልጅ ብትሆኚ ሂጂ አልልሽም ነበር፤ የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ግን ያደረግሽውን አከብራለሁ» አሏት። ከመሬታቸው መንገድ ዳር ያለውን ጥግ ሰጧት። እዚያ አንዲት ክፍል ተሠራላትና ላምባና ጨው መሸጥ ጀመረች። ከድሩ ተፎካካሪ መጣብኝ ብሎ አልተቀየመም፤ ያልያዘውን ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወደሷ ይልክ ነበር።

የጋሼ ከሊፋ የመጀመሪያ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። የመስጊዱ ሼክ አነበቡልን። እናታቸው ድምፃቸውን ሰምተው፣ ፊታቸውን ዳስሰው፣ በአርባኛው ቀን ሞቱ። ጀልባ ላይ መርከበኞቹ ቡሬን ወደዷት፤ አይጥ ስላጠፋችላቸው አንሰጥም ብለው ነበር። መንደር ስትደርስ ሦስት ቀን ጣራ ላይ ተደበቀች፣ ከዚያ ራቧት ወረደች። ተቂያም ከቤት አልወጣችም። «ነገር ግን ከኔ ጋር አትነጋገርም» ይላል ደብዳቤው። «ምግብ ትሠራለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ቃል የለም። የምትለው ነገር ሲኖራት ለቡሬ ትነግራታለች። ‘ለጌታሽ ምሳ ቀርቧል በይው፤ ጣራው እንደሚያፈስም ንገሪው’ ትላታለች። እኔም ለቡሬ እመልሳለሁ። ስድስት ወር ሙሉ በዚህ ነው የኖርነው። ባለፈው ጁምዓ ግን ተረስቷት በቀጥታ ሰደበችኝ። አላህ ይመስገን።»

ሼኩ ማንበብ አቁመው መነጽራቸውን ጠረጉ። አክስቴ እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። ያን ቦታ ሁለቴ አስነበበች።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው በስድሳ አምስት፣ ጥቅምት ላይ ነው። የሙቅቢል እጅ ነበር። አባቱ ሦስት ቀን ትኩሳት ታመው፣ በረጀብ ወር አጋማሽ፣ ነሐሴ ላይ፣ አርፈዋል። ያጠበቻቸውም፣ የከፈነቻቸውም ተቂያ ናት። «ድመቷ አለች፤ አሁን የምትተኛው እናቴ ክፍል ነው» ይላል። ከዚያ በታች ከተቂያ የተላከ ቃል ነበር፤ እሷ መጻፍ ስለማትችል ልጇ እንዳለችው ጽፎታል፦ «ለእህቴ መብሩካ። የሁለታችንም ባል ሞቷል። የሐዘኑን ዒዳ እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ። አንቺም እዚያ ብትቀመጪ መብትሽ ነው፤ ማንም የሚከለክልሽ የለም። እኔ መስክሬልሻለሁ።»

አክስቴ ደብዳቤውን ከሼኩ ተቀብላ አጠፈችው። ከዚያ ሼኩን «ስንት ቀን ነው የምቀመጠው?» አለቻቸው።

«የባል ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። የሚቆጠረው ግን ከሞተበት ቀን ነው። ወሬው ዘግይቶ ስለደረሰሽ ሁለት ወር ያህል አልፏል፤ የቀረውን ብቻ ትጨርሺያለሽ።»

«ሁለት ወር ሙሉ ሳላውቅ ስስቅ ነበር፣ ሼክ። እሱ አይቆጠርልኝም። ከዛሬ ነው የምጀምረው።»

ሼኩ እንደማይገደድባት ደግመው አስረዷት። ሰማቻቸው፣ አመሰገነቻቸው፣ ያለችውን አደረገች። ሱቋን ዘጋች። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አልወጣችም፤ ሽቶ አልነካችም፣ ቀለም ያለው አልለበሰችም። ጥሏት ሄደ ይሉ የነበሩት የቡራዩ ሴቶች አንድ በአንድ ለቅሶ መጡ፤ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም። የፈታት ባል ሲሞት ሴት ዒዳ አትቀመጥም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የኦቦ ኢቲቻ ሚስት ከወይዛዝርቱ ጋር ገብተው በየሁለት ቀኑ ወተት ያስቀምጡላት ነበር። እኔም ከሱሉልታ በየሳምንቱ እመጣለሁ።

ያበቃ ዕለት በጠዋት ደረስኩ። ገላዋን ታጥባ ነጭ ለብሳ አገኘኋት። ሱቁን ከፍተን አቧራውን ጠረግን፤ ላምባ ፈላጊ መጥቶ ስለነበር እኔ ለመቅዳት ጎንበስ ባልኩበት ሼኩ ወረቀትና ብዕር ይዘው ገቡ። ለተቂያ መልስ ልታስጽፍ ጠርታቸው ኖሯል። ከጓዳ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ የአክስቴ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማኛል፣ አልፎ አልፎም የሼኩ «እ? እሺ» ይሰማል። ሰው ተደራረበብኝና «ለእህቴ ተቂያ» ከሚለው በቀር ቃሉን አልለየሁትም። ሼኩ ሲወጡ የታጠፈውን ወረቀት ደረት ኪሳቸው ከተው ሰላም ብለውኝ ሄዱ። አክስቴም ወጥታ ሚዛኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። ምን እንዳስጻፈች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።